ጃንጥላ ለማርያም፣ ጨው ለሚንሶ

ፅጌረዳ ጎልፍን ያወቀችው በእንቅልፍ ነው። በራሷ እንቅልፍ እንኳ አይደለም፤ በባሏ። ንጉሤ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ሰንብቶ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ይጋደምና ጎልፍ ይከፍታል። «የማይጮህ ቴሌቪዥን ይኸ ብቻ ነው» ይል ነበር። ኳሷ ሁለት ጉድጓድ ሳትገባ ያንኮራፋል። ቻናሉን የቀየረ ግን ወዮለት! ዓይኑን ሳይገልጥ «እያየሁ ነው» ይላል። ፅጌረዳም ምን ታድርግ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች ለእሱ ታይለታለች።

ከሁሉም የሚወደው የሴቶቹን ነበር፤ ከሴቶቹም ኮሪያውያኑን። ስማቸው ሲደረደር ግማሹ ኪም፣ ግማሹ ሊ፣ የተረፈው ፓርክ ስለሆነ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ጠቅልሎ «ልጆቼ» ብሎ ይደግፋል። «እያት ይቺን፣» ይላታል አንዳንዴ ነቃ ሲል፣ «ከኋላዋ ቦርሳ ተሸክሞ የሚከተላት አባቷ ነው። ልጅ ማለት እንዲህ ነው የሚደገፈው።» እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ካሊፎርኒያ፣ ዳሊ ሲቲ ያለው ቤት ጸጥ አለ፤ ፅጌረዳ ግን እሁድ እሁድ ያንኑ ቻናል መክፈቷን አልተወችም።

ስለዚህ ልጇ ኢየሩስ፣ ሳንሆዜ ነርስ ናት፣ በስልክ «እናንተ ሰፈር አጠገብ የሴቶች የጎልፍ ውድድር አለ፤ ትልቁ አይደለም፣ ከሱ ዝቅ ያለው ነው። ሆቴል የማይችሉትን ተጫዋቾች ሰው ቤት ያሳርፏቸዋል» ስትላት፣ ፅጌረዳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ ሳትጠይቅ እሺ አለች።

«ኮሪያዊት ካለች ለኔ» አለች ብቻ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መጡ። መጡ የምለው ሁለት ስለነበሩ ነው። ልጅቷ ሚንሶ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ፊቷን አጥቁሮ ጓንት የምታጠልቅበትን ግራ እጇን ብቻ ነጭ ያስቀረባት። እጇ ላይ ምንም አልያዘችም። የያዙት አባቷ ናቸው፤ ሚስተር ሃን። የጎልፉን ቦርሳ በጀርባቸው፣ ሁለት ሻንጣ በሁለት እጃቸው፣ በብብታቸው ደግሞ ለለቅሶ ድንኳን የሚበቃ ሰማያዊ ጃንጥላ። ፅጌረዳ ልታግዛቸው እጇን ብትዘረጋ በዓይናቸው መለሷት።

ከኢትዮጵያ መሆኗን ሲሰሙ ዕቃውን ሁሉ መሬት አስቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ኢትዮጵያ። ወታደር። ኮሪያ። ቴንክ ዩ።» ፅጌረዳ አፈረች። የእሷ አባት ጉለሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያነሱት መሣሪያ ቢኖር መቀስ ነው። የማይገባትን ምስጋና መውሰድ አልሆነላትምና በሁለቱ ጣቷ መቀስ እያሳየች «ማይ ፋዘር፣ ልብስ ሰፊ!» አለቻቸው። ሚስተር ሃን ጥቂት አሰቡና ለልብስ ሰፊውም ጎንበስ አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየውን ወደደቻቸው።

ነገሩን የነገሯት የዚያኑ ዕለት እራት ላይ ነው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጃቸው። አሜሪካ ከመጡ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። ሚንሶ ከከተማ ከተማ እየዞረች ትጫወታለች፤ እሳቸው ቦርሳ ይሸከማሉ፣ የምትመታበትን ዱላ ይመርጣሉ፣ ጃንጥላ ይይዛሉ። ትልቁ ውድድር ውስጥ ግን አልገቡም። ይኼ የመጨረሻቸው ነው። ሐሙስና ዓርብ ሁሉም ይጫወታሉ፤ ዓርብ ማታ ከተጫዋቾቹ ግማሾቹ ያልፋሉ፣ ግማሾቹ ይሸኛሉ። ካለፈች ይቀጥላሉ። ካላለፈች፣ አሉና ሚስተር ሃን፣ መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ እንደ አውሮፕላን አስነሡት። ወደ አገር ቤት፤ ለሁልጊዜው።

ፅጌረዳ ወደ ልጅቷ ዞረች። ሚንሶ ሳህኗን እያየች «አይ አም ኦኬይ» አለች።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ፅጌረዳ ትጾማለች፤ እንግዳ ግን እንግዳ ነው፣ ያውም ስፖርተኛ። ስለዚህ ሳትቀምስ ትሠራለች። ጥብስ ጠበሰች፣ የዶሮ ሾርባ ሠራች፣ ሩዝ ቀቀለች፤ ጨዉን እንደ ሁልጊዜው በእጇ ለካች። እጇን ታምነዋለች። «እንዴት ነው?» ትላለች ቆማ። ሚንሶ «ቬሪ ጉድ፣ ማማ» ትላለች፤ አባትየውም «ቬሪ ጉድ» ይላሉ። ሳህኑ ተጠርጎ ይመለሳል። በላዩ ላይ ውሃ ይጠጣሉ፤ ጆግ ሙሉ ውሃ። «ስፖርተኛ ስትባል ውሃ ነው እንግዲህ» አለች ፅጌረዳ በኩራት፣ ሌላ ጆግ እየሞላች።

ሰኞ ልምምዱን ልታይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አብራቸው ሄደች። የዳሊ ሲቲ ነሐሴ የታወቀ ነው፤ ሌላው አገር በፀሐይ ሲጠበስ እዚህ ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ ሣሩ ላይ ይተኛል፣ እንደ ካፊያም ያደርገዋል። ሚንሶ የመጀመሪያዋን ኳስ ስትመታ፣ ያ ቀጭን ወገብ እንዲያ ተጠማዝዞ ኳሷ ጉሙን ሰንጥቃ ስትጠፋ፣ ፅጌረዳ አላስቻላትም። እልልታዋን ለቀቀችው። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ አስተናባሪ «ጸጥታ» የሚል ሰሌዳ ከፍ አደረገባት፤ ሚስተር ሃንም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በልመና አዩዋት። ከዚያ በኋላ እልልታዋን ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳፈነች ተከተለቻቸው።

ዝም ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል። ሃያ ዓመት ኤርፖርት ዊልቸር ገፍታ ጡረታ የወጣች ሴት የሰው አረማመድ አያመልጣትም። የሚስተር ሃን ግራ ጉልበት ቁልቁለት ሲሆን ወደ ጎን ይሄዳል። ጃንጥላውን ሁልጊዜ ልጅቷ ላይ ነው የሚይዙት፤ የራሳቸው ቀኝ ትከሻ ውጭ ቀርቶ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ሚንሶ ደግሞ ኳሷን ከመታች በኋላ የምታየው ኳሷን አይደለም። ዘወር ብላ የአባቷን ጉልበት ነው የምታየው።

ቤት ስትመለስ ፅጌረዳ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆመች። «እመብርሃን፣» አለች፣ «ይቺን የሰው ልጅ ዓርብን አሳልፊልኝ። ጃንጥላ አገባልሻለሁ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወዲያው ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሸጠው ገረመው ዘንድ ደወለች።

«ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ ወርቅማ የሆነ ጃንጥላ ያዝልኝ።»

«እሰይ! ስለትሽ ሠመረ? ኢየሩስ ልታገባ ነው?»

«ለጎልፍ ነው።»

«ለምን?»

«ለጎልፍ አልኩህ እኮ! ገና አልሠመረም፣ ያዝልኝ ብቻ።»

ገረመው ብዙ ዓይነት ስለት ሰምቷል፤ ለግሪን ካርድ፣ ለቤት ሎን፣ ለልጅ። ይኼን ግን አልሰማም። «እሺ፣ ሆልድ አደርግልሻለሁ» አለ፣ ሳቁን እየዋጠ።

ነገሩ የተገለበጠው ረቡዕ ነው። ኢየሩስ ከሥራ መልስ ከሳንሆዜ መጣችና እንደ ልማዷ ሰላምታ ሳትጨርስ ድስት ከፈተች፤ እሷ እንደሆነች አትጾምም። አንድ ማንኪያ ጥብስ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

«ማሚ! ዚስ ኢዝ ሶ ሶልቲ! ምንድነው ይሄ?»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ጨው ነው! ኦንሊ ጨው! እነሱ ይሄን ነው የሚበሉት? ሰውየው ብለድ ፕሬሸር ቢኖረውስ?»

«ካንቺ በቀር ያማረረ የለም። ከእሁድ ጀምሮ ቬሪ ጉድ እያሉ…» አለችና ፅጌረዳ የውሃው ጆግ ትዝ አላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስለ ጨዉ አልነበረም የተቀመጠችው። እጇ ጨው ላይ እንደሚከብድ ንጉሤም በሕይወቱ ሳለ ሲቀልድባት ኖሯል። ያስቀመጣት የልጅቷ ድምፅ ነው። «ቬሪ ጉድ፣ ማማ» ያለችበትና «አይ አም ኦኬይ» ያለችበት ድምፅ አንድ ነበር። አበው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን እነዚያው አበው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ብለዋል። ይቺ ልጅ የጨው ክምር በውሃ እያወራረደች ጥሩ ነው የምትል ከሆነች፣ ሌላውን ስንቱን ነው እንዲሁ የዋጠችው?

ሚንሶ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ብርጭቆ አጋድማ ኳስ ወደ ውስጡ ትገፋ ነበር። ፅጌረዳ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ እየተንቋቋ።

«ጨው በዝቶበት ነበር አይደል? ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ሁለቱም በሚሰባብሩት በዚያው እንግሊዝኛ።

ሚንሶ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እርስዎ መብላት አይችሉም። ግን ለእኛ ያበስላሉ። እንዴት እላለሁ?»

«ሌላስ የማትይው ምን አለ?»

ልጅቷ ወደ ተዘጋው ክፍል አየች። በበሩ ስንጥቅ ሚስተር ሃን ይታያሉ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ በረዶ ይዘዋል። ሚንሶ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ለእኔ ብሎ ሱቁን ሸጠ። እናቴ ስድስት ዓመት ብቻዋን ናት። እንዴት እላለሁ?»

«ምን ብለሽ?»

ሚንሶ ኳሷን ገፋች፤ ኳሷ ብርጭቆው ውስጥ ገባች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ አላየቻትም።

ፅጌረዳ ያን ዕለት ሥዕሉ ፊት ስትቆም እንደ ጥፋተኛ ነው የቆመችው። «እመቤቴ፣» አለች፣ «የሰኞውን ተይው። ሳልጠይቃት ነው የተሳልኩት። ማለፉንም መውደቁንም አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ ሆዷ ውስጥ ያለውን አውጪላት። ጃንጥላው እንዳለ ነው፤ አልቀነስኩም።» ስለት ይሻሻላል ወይ ብላ የጠየቀችው ቄስ የለም። እናት ከእናት ጋር ነው የተነጋገረችው።

ሐሙስ ሚንሶ መካከለኛ ተጫወተች፤ አልከፋም፣ አላማረም። ዓርብ ጉሙ ካፊያ ሆኖ ወረደ። ጎልፍ ትንሽ የመታ የሚያሸንፍበት የተገላቢጦሽ ጨዋታ ነው፤ ሚንሶ እየቆጠበች እየቆጠበች፣ ሦስት ጉድጓድ ሲቀራት ልክ ማለፊያው ድንበር ላይ ደረሰች። አንድ ምት ብታበዛ ወዲያ፣ ካላበዛች ወዲህ። ፅጌረዳ በነጠላዋ ራሷን ሸፍና፣ ተመልካቹን ከሜዳው ከሚለየው ገመድ ውጭ ትከተላለች፤ አፏን በነጠላው ጫፍ ይዛ።

አቀበቱ ላይ የሚስተር ሃን ጉልበት ከዳቸው። አልወደቁም፤ ዝም ብለው እንደ ደከመው ሰው እርጥብ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቦርሳው በጀርባቸው እንዳለ ነው። ቀኝ እጃቸው ግን ጃንጥላውን እንደያዘ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ልጃቸው ቆማበት የነበረውን ቦታ ያስጠለለ ያህል። ሚንሶ ሁለት እርምጃ አልፋ ነበርና ካፊያው ፊቷን ሲነካት ዞር አለች።

በኮሪያኛ አንድ ነገር አለች። ፅጌረዳ ቃሉን አላወቀችውም፤ ድምፁን ግን አወቀችው። የቬሪ ጉዱ ድምፅ አልነበረም። ሚስተር ሃን ሊነሱ ሲሞክሩ ልጅቷ ያንኑ ቃል ደገመችው። ከዚያ ጃንጥላውን ከእጃቸው ወሰደች፣ አጠፈችው፣ በገመዱ ላይ ለፅጌረዳ አቀበለቻት። ቦርሳውን ከጀርባቸው አውርዳ ራሷ ትከሻ ላይ አደረገችው።

አንዲት ትንሽ የሜዳ መኪና እሳቸውን ልትወስድ መጣች። ሚስተር ሃን እጃቸውን አወናጨፉ፤ አልሳፈርም ማለታቸው ነው። ይኼኔ ፅጌረዳ በገመዱ ሥር ሾልካ ገባች። ሃያ ዓመት «እኔ ደህና ነኝ፣ ዊልቸር አልፈልግም» ያላትን ሰው ሁሉ ባስቀመጠችበት ድምፅ «ሰር፣ ሲት ዳውን!» አለቻቸው። ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ሰማያዊውን ጃንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ።

ከመኪናዋ ላይ ሆነው ልጅቷን አዩ። ቦርሳው ከእሷ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ዱላ ስትመርጥ ማንንም አልጠየቀችም። ሚስተር ሃን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ እጃቸው ተነሥቶ ነበር፣ ይኼኛውን ያዢ ለማለት፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ስትሄድ ከኋላ ብቻ ነበር የማያት፤» አሏት ለፅጌረዳ ቀስ ብለው፣ «ፊቷን ስትጫወት አይቼው አላውቅም።»

በመጨረሻው ጉድጓድ የመጨረሻዋን ኳስ ብታገባ ታልፋለች። ገፋቻት። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ አፋፉ ላይ ደረሰችና ቆመች። ጉድጓዱን እያየች ቆመች። ፅጌረዳ የነጠላውን ጫፍ ነከሰች። አንድ ምት። በአንድ ምት ወደቀች።

ሚንሶ ኳሷን ነካ አድርጋ አስገብታ አነሣቻት፤ አብረዋት የተጫወቱትን ጨብጣ፣ ቦርሳዋን እንደተሸከመች ወደ መኪናዋ መጣች። አባቷ ፊት ተንበርክካ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ በፎጣ መጥረግ ጀመረች፤ እየጠረገች ተናገረች። ብዙ ተናገረች፤ እንደ ተከፈተ ቧንቧ። ሚስተር ሃን ሲሰሙ ቆዩና እሳቸውም ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ሁለቱም ባንድነት ሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ። ፅጌረዳ ምንም ሳይገባት አብራ አለቀሰች፤ ለማልቀስ ትርጉም አያስፈልግም።

ሚንሶ ቤት ሲደርሱ ነገረቻት። «አባዬ፣ ወደ እማዬ ተመለስ አልኩት። መኸር ላይ የትልቁ ውድድር መግቢያ ፈተና አለ፤ ቦርሳዬን ራሴ ይዤ ልሞክር አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ማለት ፈርቼ ነበር። አባረርሽኝ ይለኛል ብዬ።»

«እሳቸውስ?»

«እሱም ሁለት ዓመት አገሩ መግባት ይፈልግ ነበር። ጉልበቱን ያመዋል። እናቴ ትናፍቀዋለች። ግን ተስፋ ቆረጠብኝ ትላለች ብሎ ፈራ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ፅጌረዳ እጇን አፏ ላይ ጭና። «እንግዲያ አባትና ልጅ ጨዉን ዝም ብላችሁ ስትበሉ ነበር የከረማችሁት!»

ሚንሶ ሳቀች። እስከ መኸር የት ልረፍ ብላም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ፅጌረዳ ቀድማ የክፍሉን ቁልፍ ከቁልፎቿ መሐል ፈትታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

በነጋታው ነሐሴ አሥራ ስድስት ነበር፤ ፍልሰታ የሚፈታበት። ሦስቱም ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ገረመው ቀዩን ጃንጥላ በላስቲክ ጠቅልሎ በር ላይ ጠበቃቸው። «እና፣ አሸነፈች?» አላት በጆሮዋ። «በአንድ ወደቀች» አለችው ፅጌረዳ። «ታዲያ ስለቱ?» «ሠመረ!» አለችውና ጃንጥላውን ከእጁ ነጥቃ ገባች። ገረመው እስካሁን አልገባውም።

ታቦቱ ሲወጣ ሚስተር ሃን ጫማቸውን አውልቀው ግቢው ጥግ ቆመው ነበር። ኦክላንድ ላይ ጉም የለም፤ ፀሐዩ ፍጥጥ ብሏል። ቄሱ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው በዝግታ ይሄዳሉ፤ ከጎናቸው አንድ ጎልማሳ ዲያቆን አዲሱን ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይዟል። ክንዱን እስከቻለው ይዘረጋል፤ የእሱ ራስና ትከሻ ግን ውጭ ነው፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ሚስተር ሃን ከታቦቱ ይልቅ እሱን አዩ። ቀኝ እጃቸው ሳያውቁት ከወገባቸው ትንሽ ከፍ አለ። ለልጃቸው አንድ ነገር ሹክ አሏት።

«ምን አሉ?» አለች ፅጌረዳ።

«ያ ሰው ራሱ ጥላ ውስጥ አይደለም ይላል» አለች ሚንሶ። ወዲያው የአባቷን ያቺን ከፍ ያለች እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ አድርጋ አወረደቻት፤ ሥርዓቱ እስኪያልቅም አልለቀቀቻትም።

ዳሊ ሲቲ ሲመለሱ ፅጌረዳ ከሌሊት ጀምራ ስትጨነቅበት የነበረውን ዶሮ አወጣች። ሰማያዊው ጃንጥላ በሩ ሥር ቆሟል፤ የሚንሶ ሆኗል። ጾሙ ተፈትቷልና በዚህ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከድስቱ ቀመሰች። ልክ ነው። እንደውም ድንቅ ነው፤ እጇን ስሙላት! አቀረበች። እንደ ልማዷ ቆማ «እንዴት ነው?» አለች።

«ቬሪ ጉድ» አሉ ሚስተር ሃን።

ሚንሶ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፅጌረዳን አየች፣ አባቷን አየች፣ ትንፋሽ ወሰደች።

«ማማ፣» አለች፣ «ጨው በዝቷል።»

ፅጌረዳ ከሰኞ ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ ያፈነችውን እልልታ ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ ቤቱ እስኪናጋ፣ ደጋግማ። ሚስተር ሃን ደንግጠው ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው አነሡ፤ ከዚያ ልጃቸው ስትስቅ አዩና መልሰው አወረዱት።